ማዮሲስ «ማይቶሲስ ሁለቴ» ከሆነ በቅሎ ለምን አትወልድም?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ከማስጠናቸው ልጆች አንዷ አራት ገጽ ፎቶ ኮፒ ይዛ መጣች፣ ያው የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ ጠርዙ ርሶ ተጣጥፏል፣ አንደኛው ገጽ ላይ የስኒ ቂጥ ክብ ሠርቶበታል፣ በስንት እጅ እንደዞረ ያስታውቃል። «ቲቸር ይሄን ብቻ ብሸመድድ ለማትሪክ ይበቃኛል አይደል?» አለችኝ። ተቀብያት አነበብኩት። ስለ ኒውክለስ (ዲኤንኤው የሚቀመጥበት የሴል ክፍል) መከፋፈል ነው፣ ማይቶሲስን (ሴል ራሱን የሚመስል ሁለት ሴል የሚሆንበትን) እና ማዮሲስን (እንቁላልና ስፐርም የሚሠሩበትን) ለ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ባጭሩ አስረዳለሁ የሚል ጽሑፍ፣ የጸሐፊው ስም የለበትም፣ መርካቶ ጋ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ስጠይቅ ግን «እሱን ነው እኮ ሁሉም የሚያስባዛው» ተባልኩ።

መጀመሪያ ልፋታቸውን ላመስግን። ስዕሎቹ በእጅ ተስለው በጣም ያምራሉ፣ አማርኛውም አይከብድም፣ እንደውም ደስ ብሎኝ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። ችግሩ የተጻፈው ነገር ነው። ባጭሩ የሚሉት እንዲህ ነው፦ ኢንተርፌዝ (በሁለት ክፍፍል መሀል ያለው ጊዜ) ላይ ሴሉ ያርፋል፣ ከዛ ኒውክለሱ መሀሉ ላይ ይቆረጣል፣ ክሮሞዞሙ (ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ክር) 92 ሆኖ ለሁለት ይካፈላል፣ ማዮሲስ ማለት ይሄው ነገር ሁለቴ ሲደገም ነው፣ ክሮሲንግ ኦቨር (ክሮሞዞሞች ቁራጭ የሚቀያየሩበት) በመሀል የሚያጋጥም ስህተት ነው፣ መጨረሻ ላይ ሁሌም አራት ጋሜት (እንቁላል ወይ ስፐርም) ይገኛል፣ ዕፅዋት ደሞ ሴንትሪዮል (በብዙ እንስሳት ሴል ውስጥ ክሮሞዞም ጎታቾቹ ክሮች የሚነሱበት ቅንጣት) ስለሌላቸው ይሄ ሁሉ አይመለከታቸውም። በየተራ ላንሳቸው፣ አንዳንዱ ላይ ልቆይ እችላለሁ ታገሱኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

«ኢንተርፌዝ የእረፍት ጊዜ ነው» የምትለዋ የሳቸው ብቻ አይደለችም፣ እኔም ተማሪ እያለሁ እንደዛ ነው የተነገረኝ። ግን ሰርግ ያለበትን ቤት አስቡት። ሰርጉ አንድ ቀን ነው፣ ጌሾው የተወቀጠው ጠላው የተጠነሰሰው በርበሬው የተቀነጠሰው ዳሱ የተጣለው ግን ከዛ በፊት ነው፣ እድምተኛው ያየው ያቺን ቀን ብቻ ስለሆነ «እነዚህ ሰዎች ተኝተው ከርመው ዛሬ ነው የነቁት» ይላል እንዴ? ላብራቶሪ ውስጥ የሚያድግ የሰው ሴል አንዴ ከተከፈለ በኋላ ድጋሚ እስኪከፈል 24 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ከዛ ውስጥ ማይቶሲስ የሚባለው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ቀሪው ኢንተርፌዝ ነው፣ በዛ መሀል ኤስ ፌዝ በምትባለው 8 ሰዓት ገደማ በምትወስደው ክፍል ከ6 ቢሊዮን በላይ የዲኤንኤ ፊደል አንድ በአንድ ይገለበጣል። እረፍት የመሰለው ድሮ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የሚታይ እንቅስቃሴ ስላጡበት ነው። ነገሩን ያጋለጡት በ1953 አልማ ሃዋርድና ስቲቨን ፔልክ ናቸው፣ የባቄላ ሥር ላይ ራዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ ተጠቅመው ዲኤንኤው የሚሠራው በዚሁ «እረፍት» በተባለው ጊዜ መሆኑን አሳዩ። አዎ ባቄላ፣ ይሄው እኛ ለአሹቅ የምንዘፈዝፈው።

እኔ መጀመሪያ በዓይኔ ያየሁት በሽንኩርት ሥር ነው። ያኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ሦስት ማይክሮስኮፕ ነበረው፣ የሁለቱ አምፖል ተቃጥሏል፣ ሦስተኛው በመስታወት የመስኮት ብርሃን የሚቀበል አሮጌ ነው፣ ሰማዩ ሲደምን ደሞ ስንት ሰዓት ተራ ጠብቀህ ስትደርስ የምታየው ጨለማ ነው። የሥሩን ጫፍ ቆረጥን፣ በአሲድ አለሰለስነው፣ ቀይ ቀለም ውስጥ ነከርነው፣ ከዛ ስላይድ ላይ አርገን በአውራ ጣት ጨፈለቅነው። ደመናው ገለጥ ሲል አየሁ። አብዛኛው ሴል ክብ ኒውክለስ ይዞ ዝም ያለ ነው፣ እዚህም እዚያም ግን አንዷ ሴል ውስጥ ክሮቹ እንደተበተነ ጸጉር ሆነዋል፣ ሌላዋ ውስጥ መሀል ለመሀል ተደርድረዋል፣ ሌላዋ ውስጥ ደሞ ለሁለት ተከፍለው ወደ ሁለት ጎን እየሸሹ ነው። መቶ ሴል ቆጥሬ ሲከፋፈሉ ያገኘኋቸው ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ዘጠና አንዱ ድግስ ላይ ነበሩ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ስዕል ኒውክለሱ መሀሉ ቀጥኖ እንደ ሊጥ ለሁለት ሲቆረጥ ያሳያል፣ ከሥሩ «የሰው ሴል» ተብሎ ተጽፎበታል። በሰው ሴል እንደዛ አይሆንም። ኒውክለሱ ይፈርሳል። ሽፋኑን ከውስጥ ደግፎ የያዘ ላሚን የሚባል የፕሮቲን መረብ አለ፣ ሲዲኬ1 የሚባለው ኤንዛይም ፎስፌት ሲለጥፍበት መረቡ ይበታተናል፣ ሽፋኑም አብሮት ይፈርሳል፣ ያኔ ነው ክሮሞዞም የሚጎትቱት የስፒንድል ክሮች ገብተው ክሮሞዞሞቹን የሚያገኟቸው። ሥራው ሲያልቅ በሁለቱም ጫፍ በተሰበሰቡት ክሮሞዞሞች ዙሪያ አዲስ ሽፋን ይሠራል። ስለዚህ «ኒውክለሱ ተከፈለ» የምንለው ለአፍ ስለሚቀል ነው፣ የሆነው ነገር አንድ ጎጆ ፈርሶ በዛው እንጨት ሁለት ጎጆ መቆሙ ነው። ሐቁን ለመናገር ግን ስዕሉ የእርሾ ቢሆን ልክ ነበር። የዳቦ እርሾ፣ ጠጅ ውስጥም የምናገኘው፣ ሲከፋፈል የኒውክለሱን ሽፋን አያፈርስም፣ ስፒንድሉን የሚዘረጋው እዛው ውስጥ ነው፣ ኒውክለሱም ረዝሞ መሀሉ ቀጥኖ ነው የሚለያየው። ርዕሱን ቢቀይሩት ስዕሉ ይተርፋል።

የ92 ነገር። «በፕሮፌዝ የሰው ሴል 92 ክሮሞዞም አለው» ይላሉ (ፕሮፌዝ የመከፋፈሉ የመጀመሪያ ደረጃ ነው)። ቁጥር ላይ ብዙም አልፈርድባቸውም፣ ምክንያቱም ክሮሞዞም መቁጠር ትልልቆቹንም አስቸግሯል፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ዓለም ሁሉ የሰው ክሮሞዞም 48 ነው ብሎ ሲያስተምር ነበር፣ 46 መሆኑ የታወቀው ቲጂዮና ሌቫን ስዊድን ውስጥ በደንብ ቆጥረው በ1956 ሲያሳትሙ ነው። ግን አቆጣጠሩ ደንብ አለው፣ የሚቆጠረው ሴንትሮሜሩ ነው፣ የተገለበጡት ሁለቱ ክሮች የተያያዙበት ቦታ።

ልጅቷን ያስረዳኋት በሹራብ ክር ነው (ነገራችን ከክር አይወጣም፣ ፍሌሚንግ የሚባለው ጀርመናዊ በ1882 መጽሐፉ ማይቶሲስ ያለው ራሱ ክር ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ ነው)። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀይ አንድ አረንጓዴ ክር እኩል ቆርጬ አስቀመጥኩ፣ ቀዩ ከእናት የመጣ፣ አረንጓዴው ከአባት የመጣ። «ስንት ክሮሞዞም አለ?» «ሁለት።» ከዛ ኤስ ፌዝ ገባን ብዬ ከየቀለሙ አንድ አንድ ክር ጨመርኩ፣ ቀዩን ከቀዩ አረንጓዴውን ከአረንጓዴው ጋር መሀላቸው ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩ። «አሁንስ?» «አራት።» «መርፌ ቁልፉን ቁጠሪ።» ትንሽ ዝም አለችና «...ሁለት፣ ኧረ ቲቸር!» አለች። በቃ ይሄው ነው። ክሩ አራት ነው፣ አራቱ ክሮማቲድ ይባላሉ፣ ክሮሞዞሙ ሁለት ነው። የሰው ሴል ፕሮፌዝም ሜታፌዝም (መሀል ላይ ሲሰለፉ) ላይ ያለው 46 ክሮሞዞም 92 ክሮማቲድ ነው። 92 ክሮሞዞም የሚባለው ልክ የሚሆነው አናፌዝ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ መርፌ ቁልፉ ተፈቶ እህትማማቾቹ ሲለያዩ ሴሉ ግን ገና ለሁለት ሳይለይ።

እዚህ ጋ ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ነገር አለ፣ ለኔ ደሞ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። «ክሮሞዞሞቹ መሀል ላይ ይሰለፋሉ፣ ከዛ ይለያያሉ» ብለው ያልፋሉ። ማን አሰረ ማን ፈታ? ሴል ውስጥ መርፌ ቁልፉ ኮሂሲን የሚባል እንደ ቀለበት ያለ ፕሮቲን ነው፣ ዲኤንኤው ከተገለበጠ ጀምሮ ሁለቱን እህትማማች ክሮማቲዶች አንድ ላይ ጠፍሮ ይይዛቸዋል። የሚቆርጠው ሰፓሬዝ የሚባል መቀስ አለ፣ መቀሱ ግን ሴኪዩሪን በሚባል ሌላ ፕሮቲን ታስሮ ነው የሚቆየው። እስከመቼ? ጅማ መናኸሪያ የአጋሮ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ታውቃላችሁ፣ ሁሉም ሞልቶ አንድ ወንበር ብቻ ቀርታለች፣ ረዳቱ «አንድ ሰው አጋሮ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል፣ ያ አንድ ሰው ካልመጣ መኪናው አይነቃነቅም። ሴሉም እንደዛ ነው። ከ92ቱ ክሮማቲድ አንዱ እንኳ የስፒንድሉ ክር ካልያዘው የሱ ኪኔቶኮር (ሴንትሮሜሩ ላይ ያለ የክሩ መያዣ) «ጠብቁ» የሚል ምልክት እየላከ ሁሉንም ያስቆማል። የመጨረሻው ሲያዝ ጩኸቱ ያቆማል፣ ሴኪዩሪን ይጠፋል፣ መቀሱ ይፈታል፣ ሁሉም ባንዴ ይለያያሉ። ፕሮፌዝ ሜታፌዝ አናፌዝ ቴሎፌዝ እያሉ እንደ ሀ ሁ ሂ ከማዜም ማን ከማን ጋር ታስሯል፣ መቼ ይፈታል ብሎ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው፣ ማይቶሲስና ማዮሲስም የሚለያዩት እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጸብ። «ማዮሲስ ማለት ማይቶሲስ ሁለት ጊዜ ማለት ነው» ተብሎ ሳጥን ተሠርቶለት በደማቁ ተጽፏል። ሒሳቡን ብቻ እንይ። ማይቶሲስ ከአንድ ባለ 46 ሴል ሁለት ባለ 46 ይሰጣል፣ ሁለቴ ስትደግመው አራት ባለ 46 ነው የምታገኘው። የእንቁላሉ 46 ከስፐርሙ 46 ጋር ተደምሮ ልጁ 92፣ የልጅ ልጁ 184፣ ትንሽ ቆይቶ ክሮሞዞሙን የሚይዝለት ጆንያ ይፈለጋል። አውጉስት ቫይስማን የሚባለው ጀርመናዊ ነገሩ ገና ሳይጠራ በ1887 የሆነ ቦታ ላይ በግማሽ የሚቀንስ ክፍፍል መኖር አለበት ያለው ለዚህ ነው፣ ማዮሲስ የሚለው የግሪክ ስም ራሱ መቀነስ ማለት ነው። እሳቸውም ከሳጥኑ ሥር «ውጤቱ 23 ነው» ብለዋል፣ 46 እንዴት 23 እንደሆነ ግን አራቱም ገጽ ላይ የለም።

ወደ ክራችን እንመለስ። በማይቶሲስ ጊዜ ቀዩ ክር አረንጓዴው እዛው ቤት ውስጥ መኖሩን ከቁምነገር አይቆጥረውም፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚሰለፈው። በማዮሲስ የመጀመሪያ ዙር ግን ቀዩና አረንጓዴው ይፈላለጋሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገጣጠማሉ፣ ቁራጭ ይለዋወጣሉ፣ ከዛ ጥንድ እንደሆኑ መሀል ላይ ይቆሙና ቀዩ ከነመርፌ ቁልፉ ወዲህ፣ አረንጓዴው ከነመርፌ ቁልፉ ወዲያ ይሄዳል። ልብ በሉ መርፌ ቁልፉ አልተፈታም። የተለያዩት ጥንዶቹ ናቸው፣ እህትማማቾቹ አሁንም አብረው ናቸው፣ 46 የነበረው 23 የሆነውም እዚህ ጋ ነው። ከዛ ዲኤንኤ ሳይገለበጥ ሁለተኛው ዙር ይቀጥላል፣ መርፌ ቁልፉ የሚፈታው ያኔ ነው። ማይቶሲስን የሚመስለው ይሄኛው ዙር ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ግልበጣ የለውም።

ይሄን ሳስረዳ ልጅቷ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ «መቀሱ በመጀመሪያውም ዙር ካለ መሀል ላይ ያለውን ለምን አይቆርጠውም?» ቆንጆ ጥያቄ ነው፣ የምርምር ሰዎችንም ለረጅም ጊዜ አስጨንቋል። በመጀመሪያው ዙር መቀሱ የክሮሞዞሙን እጆች (ከሴንትሮሜሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን ርዝመት) ይዞ ያለውን ኮሂሲን ይቆርጣል፣ ሴንትሮሜሩ ጋ ያለውን ግን እንዳይነካው የሚጠብቅ ፕሮቲን አለ። በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች ሹጎሺን ብለው ሰየሙት፣ በነሱ ቋንቋ ጠባቂ መንፈስ ማለት ነው፣ በኛ ውቃቤ ብንለው ያስኬዳል። ውቃቤው በሁለተኛው ዙር ሲርቅ መቀሱ ይገባል። ማይቶሲስ ሁለቴ ቢሆን ኖሮ ውቃቤ ምን ይሠራል?

ይሄም ካላሳመናችሁ በቅሎን እንጠይቃት። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፣ ተረቱ አባቷ አህያ መሆኑ አሳፍሯት ነው፣ ባዮሎጂው ግን የሁለቱንም ይፈልጋል። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፣ አህያ 62። ከእናቷ 32 ከአባቷ 31 ወሰደችና በቅሎ 63 ሆነች። ከሰቃ ወይ ከማና ቡና ጭና ዳገቱን ስትወጣ ያየ ሰው ጤናዋን አይጠራጠርም፣ ጡንቻዋ ቆዳዋ ደሟ ሁሉ ማይቶሲስ እየሠራ ነው የኖረው፣ 63ም ቢሆን ለማይቶሲስ ችግር የለበትም ምክንያቱም እያንዳንዱ ክሮሞዞም ለብቻው ነው የሚሰለፈው፣ ጥንድ አይፈልግም። ማዮሲስ ላይ ስትደርስ ግን ያንዱ ወገን ከሌላው በደንብ አይገጥምም፣ አንዱ ጭራሽ የሚቀርበው እንኳ የለውም፣ ጋሜት የመሥራቱ ነገር መሀል ላይ ይቆማል። በቅሎ የማትወልደው ለዚህ ነው (ከስንት ዘመን አንዴ የወለደች ተመዝግባለች፣ እሷን ትቼ ነው)። ማዮሲስ ማይቶሲስ ሁለቴ ከሆነ በቅሎ መውለድ ነበረባት። በዚህ ላይ መልስ ካላቸው ለመስማት ዝግጁ ነኝ። ሙዝም እንደዛው ናት፣ ሱቅ የምንገዛት ሙዝ ሦስት ስብስብ 33 ክሮሞዞም ነው ያላት፣ ሦስት ሰው ለሁለት ለሁለት አይጣመድም፣ ስለዚህ ዘር የላትም፣ የምትባዛው ከግንዷ ሥር በሚወጣው ቡቃያ በማይቶሲስ ነው።

ክሮሲንግ ኦቨር ላይ «አንዳንዴ ክሮሞዞሞች ሲጠላለፉ በስህተት ቁራጭ ይቀያየራሉ» ብለዋል። ስህተት እንዳይመስላችሁ ሴሉ ሆን ብሎ የሚያረገው ነው፣ ስፖ11 የሚባል ፕሮቲን አለው የገዛ ዲኤንኤውን ብዙ ቦታ የሚበጥስ፣ ከዛ ሲጠገን የተወሰነው ከጥንዱ ጋር ተቀያይሮ ይገጠማል። በወንድ ልጅ አንድ ሴል ውስጥ 50 ገደማ ቅይይር ይደረጋል፣ ለ23 ጥንድ ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ጥንድ ቢያንስ አንድ ይደርሰዋል። ለምን ይሄን ያህል ይለፋል? የእስሩን ጥያቄ አስታውሱ። ቀዩንና አረንጓዴውን መርፌ ቁልፍ አላያያዛቸውም፣ መሀል ላይ እስኪቆሙ ድረስ አንድ ላይ የሚይዛቸው ቁራጭ የተቀያየሩበት ቋጠሮ ነው። ቅይይሩ ካልተደረገ ጥንዱ ቀድሞ ይፈታና እያንዳንዱ እንደፈለገ ይሄዳል፣ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ሊገቡ ይችላሉ። ስህተቱስ ያኔ ነው።

ቅይይሩ ምን እንደሚያመጣ ማና ያለው አጎቴን ጠይቁት። መልኮ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ አባ ቡና የሚባል ድቃይ ቡና አለ፣ ጎረቤቱ ተክሎት ሲያፈራ አይቶ ቀናና ከዛው ዛፍ ቀይ ፍሬ ለቅሞ ችግኝ አፈላ። ደርሶ ሲያየው አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ አንዱ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ የሚያፈራ ሌላው ቅጠል ብቻ፣ «ዘሩን አበላሽተው ነው የሸጡት» ብሎ ሲያማ ከረመ። ማንም አላበላሸበትም። ዓረቢካ ቡና 44 ክሮሞዞም አለው፣ በጥንት ጊዜ ሁለት ባለ 22 የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው የወጣ ነው፣ ማዮሲስ ላይ ግን ሥርዓት ይዞ 22 ጥንድ ሆኖ ነው የሚሰለፈው። ድቃዩ ውስጥ ጥንዶቹ ከሁለት የተለያዩ ወላጅ የመጡ ናቸው፣ በማዮሲስ ጊዜ ይቀያየራሉ፣ ከዛ የትኛው ወዲህ የትኛው ወዲያ እንደሚሄድ እጣ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬ የየራሱን እጣ ይዞ ነው የሚወጣው። በሰው እጣውን ብቻ ብትቆጥሩ ሁለት ራሱን 23 ጊዜ ሲባዛ 8,388,608 ዓይነት ይሆናል፣ ቅይይሩን ሳንጨምር። እንደ እናት ዛፉ ያለ ቡና ከፈለገ ቅርንጫፍ ቆርጦ ማጽደቅ ነበረበት፣ ያ ማይቶሲስ ነው፣ ኮፒ ነው። እንሰት የሚያባዙ እናቶቻችን ዘር ሳይዘሩ ከሥሩ እያስበቀሉ ያን ዓይነቱን ሳይቀይሩ ያቆዩት በዚሁ ነው፣ ማንም ሳያስተምራቸው።

«ሁሌም አራት ጋሜት ይገኛል።» ለወንድ እሺ። ለሴት አይሠራም፣ ሴሉ እኩል አይካፈልም፣ ስንቁን ሁሉ አንዷ እንቁላል ትወስድና ሌሎቹ ፖላር ቦዲ የሚባሉ ሚጢጢ ሆነው ይቀራሉ። ጊዜውም ሌላ ነው። ሴት ልጅ ገና እናቷ ማህፀን ውስጥ እያለች ነው እንቁላሎቿ ማዮሲስ የሚጀምሩት፣ ከዛ የመጀመሪያው ፕሮፌዝ ላይ ቆም ይላሉ፣ ዓመታት ያልፋሉ፣ በየወሩ አንዷ ተነስታ ትቀጥላለች፣ ሁለተኛው ዙር የሚያልቀው ደሞ ስፐርም ሲገባባት ብቻ ነው። የ40 ዓመት ሴት ዛሬ የምትለቃት እንቁላል ከ40 ዓመት በላይ መሀል መንገድ ላይ የቆመች ናት። ያ ሁሉ ጊዜ የጥንዶቹን ቋጠሮ አጥብቆ የያዘው ኮሂሲን እያረጀ ይላላል፣ አንዳንዴ ክሮሞዞም 21 ሳይለያይ ሁለቱም እንቁላሏ ውስጥ ይቀራሉ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች 47 ክሮሞዞም እንዳላቸው ማርት ጎቲየ፣ ጄሮም ለዠንና ረይሞን ቱርፓን ፓሪስ ላይ በ1959 አሳትመዋል። እድሉ እናትየው 35 ስትሆን ከ350 ወሊድ አንድ ገደማ፣ 40 ስትሆን ከ100 አንድ ገደማ ነው።

ይሄን ያመጣሁት ጽሑፉ ጥግ ላይ በትንሹ «ዳውን ሲንድረም እናት በእርግዝና ወቅት በምትሠራው ጥፋት ይመጣል» የምትል መስመር ስላለች ነው። ሌላውን ሁሉ በቀልድ ላልፈው እችላለሁ ይቺን ግን አልችልም። ክሮሞዞሙ የሚሳሳተው በአብዛኛው ከእርግዝናው በፊት እንቁላሏ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአባትየው ስፐርም ውስጥ ነው፣ የበላችው የጠጣችው የረገጠችው ነገር አላመጣውም። እንዲህ እየተባለች ከጎረቤት ቡና የቀረች እናት አውቃለሁ። ያችን መስመር ያስባዛችሁ ልጆች እባካችሁ በእስክሪብቶ ሰርዟት።

የቀሩትን በፍጥነት። ዕፅዋት ሴንትሪዮል የላቸውም ማለታቸው ለአብዛኛው ልክ ነው፣ ስፒንድል ግን አላቸው፣ ያለ ሴንትሪዮል ይሠሩታል፣ ሲጨርሱ ደሞ እንደኛ ሴል መሀሉ ታንቆ ሳይሆን መሀል ላይ አዲስ ግድግዳ ሠርተው ነው የሚለያዩት። ያን ያየሁት ሽንኩርት ታዲያ ምን ሲሆን ነበር? እንደውም የሰው እንቁላል ራሷ ስትከፋፈል ሴንትሪዮል የላትም። የበልግ ዝናብ ጥሎ የቡናው አበባ ነጭ በነጭ ሆኖ አካባቢውን በመዓዛው ሲያውደው የምናሸተው ያ አበባ ገና እምቡጥ እያለ ውስጡ ማዮሲስ ተደርጓል፣ ያለሱ ፍሬም ቡናም የለም። «ስፐርም ሁሌ በማዮሲስ ይሠራል» የምትለዋም ለማር ንብ አትሆንም፣ ድንጉላው ካልተዳቀለ እንቁላል የሚፈለፈል ባለ 16 ክሮሞዞም ነው፣ የሚቀንሰው ስለሌለው 16ቱን እንዳለ ነው ስፐርሙ ላይ የሚያስተላልፈው።

ልጅቷ ስትሄድ ክሮቹን ከነመርፌ ቁልፋቸው ወሰደቻቸው፣ አራቱን ገጽ እኔ ጋ ትታለች፣ ጀርባው ባዶ ስለሆነ ማስታወሻ እየጻፍኩበት ነው። መስኮቱ ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ አንድ ቀይ ሽንኩርት አስቀምጫለሁ፣ ሥሩ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሳንቲ ሜትር ደርሷል፣ ቅዳሜ ጠዋት ቆርጠን እናየዋለን፣ ማይክሮስኮፕ ተውሻለሁ አምፖሉም ይሠራል፣ መብራት ካልጠፋ። ጸሐፊው ጅማ ካሉ ይምጡ፣ ቡናም ይፈላል።